መብራት ከሄደ በኋላ የቆየው ድምፅ

እኔን ለምክር የሚጠራኝ ሰው አንድም ቸግሮት ነው፣ አንድም ሊያሾፍብኝ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ምሕረት ደውላ፣ "ጋሼ፣ ወደ ሲቀላ ይውረዱልን፤ ሁለት ሲንተሳይዘር ኪቦርድ ለሙከራ መጥቶልናል፣ ጆሮዎን ያውሱን" ስትለኝ፣ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሳልለይ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ምሕረት የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ኪቦርድ ተጫዋች ናት። ዩኒቨርሲቲ ልትማር መጥታ፣ ተመርቃ፣ ሥራ ስትፈልግ እዚሁ የቀረች ልጅ ናት፤ ጣቶቿ ፈጣን፣ ምላሷ ከጣቶቿ የባሰ። "ምርጫው የእርስዎ ነው" አለችኝ። "ስለዚያ ስለ ድሮው ኪቦርድ ድምፅ ስንት ዘመን አወሩልን። እስቲ ያንን ድምፅ የትኛው እንደሚሰጠን ይንገሩንና እሱን እንግዛ።" እውነቷን ነው፣ አውርቻለሁ። ወጣት አግኝቼ ስለዚያ ድምፅ ሳላወራ የተለያየሁበት ቀን የለም። እሷ ያላወቀችው ግን ለመዘምራኑ ብዬ አለመውረዴን ነው። ጆሮዬ እየከዳኝ ነው። የወፍ ድምፅ ከጠፋብኝ ቆየ፤ ሐኪሙም ተስፋ አልሰጠኝም። ጨርሼ ሳልደነቁር ያንን ድምፅ አንዴ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ልስማው ብዬ ነው የወረድኩት።

የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በር ላይ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። አምፕሊፋየር ሲሞቅ ላዩ ላይ የተኛው አቧራ የሚሸተውን ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል። በዚያ ላይ ደጅ ያለው ማንጎ ወድቆ ፀሐይ ሲመታው የሚያመጣው ጣፋጭ ሽታ ሲታከልበት፣ በቃ፣ ያ ዘመን መጣብኝ። በሩን ይዤ ቆምኩ። ምሕረት ሽቅቡ ያደከመኝ መስሏት ወንበር ይዛ ሮጠች። የምን ሽቅብ! ከሴቻ ሲቀላ ቁልቁለት ነው እኮ። ለማንኛውም ተቀመጥኩላት።

ያኔ፣ እኔ ወጣት ሳለሁ፣ ሲቀላ እንዲህ በባጃጅ አልተጨናነቀችም። ሙዝ ከኩልፎ ወንዝ ዳር በጋሪ ይመጣል፤ በዘለላ እንጂ በኪሎ የሚገዛ ሰው ይሳቅበት ነበር። አንድ ዘለላ ሙሉ በሳንቲም ይዘህ ትገባና ጎረቤት ታካፍላለህ። መናኸሪያው አጠገብ አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ፣ የከተማውን ሱሪ ሁሉ ከታች ያሰፋው እሱ ነው፤ እኔም አንድ ቡናማ ነበረኝ፣ ስራመድ እንደ ቀሚስ ጫማዬን የሚሸፍን። የመዘምራኑንም ካባ የሰፋው እሱ ነው። ሰማያዊ ፖሊስተር! በዚያ ሙቀት! እሑድ ከሰዓት ሦስተኛው መዝሙር ላይ ስንደርስ ላባችን በክርናችን ይንጠባጠብ ነበር። ከሙዚቃ ቤቱ የሚለቀቀው ዘፈን መንገድ ተሻግሮ አዳራሻችን ድረስ ይገባል፤ ሽማግሌዎቹ መስኮት ዝጉ ይላሉ፣ እኛ ወጣቶቹ መስኮቱ አይዘጋም እንላለን። ካሴት ሲጠላለፍ በእስክሪብቶ እያጠነጠንን፣ ያንን የዓለም ዘፈን በልባችን እያዜምን፣ በአፋችን መዝሙር እንለማመዳለን። እግዚአብሔር ይቅር ይበለን፤ ደስ ይል ነበር።

ኪቦርዱን ትተውልን የሄዱት ከውጭ መጥተው ጥቂት የሰነበቱ እንግዶች ናቸው። ጥቁር፣ ጃፓን ሠራሽ፣ ከቁልፎቹ አንዱ የወለቀና በእንጨት ተቀርጾ የተተካለት። በዶርዜ ጋቢ ተጠቅልሎ ነበር የሚያድረው፤ እኔ ያለ ጋቢ እያደርኩ እሱ በጋቢ! መጫወት የሚችል ስላልነበረ ትንሽ ጊታር የነካካሁት እኔ ተሾምኩ። ዛሬ ልጆቹ ለእንዲህ ያለ ድምፅ ፓድ ይላሉ፤ ያን ጊዜ ቃሉን አናውቅም። ቫዮሊን የተሳለበት አንድ ቁልፍ ነበር፣ እሱን ስጫን የሚወጣውን "የጸሎት ድምፅ" ነበር የምንለው። ሰባኪው "እንጸልይ" ሲል ሁለት ጣት አስቀምጣለሁ፣ አላነሳም። ድምፁ ከወለሉ ይነሳል። ወፍራም ነው፤ ግን አይከብድም። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ያ ሁሉ ቆርቆሮ ዝም ብሎ ይሞቃል። ሰው ያለቅሳል። ከጫኖ መንደር ድረስ በእግሩ እየመጣ ያንን ለመስማት ብቻ የሚቀመጥ ገበሬ ነበረ።

ድምፁ ሁለት አመል ነበረው። አንደኛው፣ መሀል መሀል ላይ ትንሽ ይጎድላል፣ ቅጽበት ያህል፣ ከዚያ ይመለሳል። ኮረንቱ ስለሚያንስ ነው ብዬ ለሁሉም አስረድቻለሁ። ሁለተኛው ጉድ ነው። መብራት በጸሎት መሀል ሲሄድ፣ አምፖሉ ጠፍቶ፣ ማራገቢያው ቆሞ፣ ድምፁ ትንሽ ይቆይ ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ ይከስማል። ሽማግሌዎቹ "ተአምር ነው" አሉ። እኔ ደግሞ ዘመናዊ ነኝ ባይ፣ "የምን ተአምር፣ ኮንደንሰሩ ውስጥ የቀረ ኮረንት ነው" አልኳቸው። ሽማግሌዎቹ ኮንደንሰር ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ ቢጠይቁኝም አላውቅም።

ያን ዓመት ነው ዘነበችን ያገባኋት። ከጨንቻ በላይ ካለው ደጋ የወረደች የሸማኔ ልጅ ናት፤ ዘመዶቿ የሚልኩላትን ነጭ ሽንኩርትና ፖም ሲቀላ ገበያ ትሸጥ ነበር። ዝምተኛ ናት። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች፣ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚስቀው። መዝሙር ስትዘምር ሰምቻት አላውቅም። ቤት ውስጥ እኔ ስለማመድ ጎመኗን እየቀነጠሰች ታየኛለች እንጂ አንድ ቃል አታወጣም። "አንቺን እግዜር ለዝማሬ አልፈጠረሽም፣ ለማዳመጥ ነው የፈጠረሽ" ብዬ እቀልድባት ነበር። ትከሻዋ ይስቃል። እሑድ እሑድ ደግሞ ከሴቶቹ ሁሉ ተለይታ፣ ሰው የሚሸሸው ትልቁ የእንጨት ስፒከር አጠገብ፣ ግድግዳው ጥግ ያለች አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። "ጆሮሽ አይደነቁርም? ነይ ወደ መሀል" ስላት፣ "እዚህ ይሻለኛል" አለችኝ። ባሏ የሚጫወተውን ከቅርብ ልትሰማ ነው ብዬ ደረቴ ተነፋ። ወንድ ልጅ መቼም!

በበልግ ወባ ገባባትና ሳምንት አልቆየችም። ስለዚያ ሳምንት መጻፍ አልችልም፤ የሞከርኩባቸውን ወረቀቶች ቀድጃቸዋለሁ።

ከለቅሶ ተመልሼ ኪቦርዱ ፊት ስቀመጥ ድምፁ የለም። ይሰማል፣ ይጮሃል፣ ግን ያ አይደለም፤ ቀጥኗል፣ በአፍንጫው መናገር ይዟል። ሀዘን ነው አሉኝ። ሀዘን ጆሮ ያበላሻል እንዴ? ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ምእመናኑም "ምን ነካው?" አሉ። መናኸሪያው አካባቢ ሬዲዮ የሚጠግን ሰው ነበር፣ ለእሱ ወሰድኩት። ፈታው፤ ከውስጡ አንዲት የደረቀች እንሽላሊት አወጣ። "ይኸው ሌባዋ!" አልኩ። መልሶ ሲገጥመው ያው ነው። "ወንድሜ፣ ዕቃህ ጤነኛ ነው፣ ምንም አልጎደለውም" ቢለኝ፣ ውስጡን ሰርቀህ ነው ብዬ መንገድ ላይ ሰው እስኪሰበሰብ ተጣላሁት። በመጨረሻ ለጫኖ አጥቢያ ሰጠነው። እነሱም ከሳምንታት በኋላ፣ "ያ የምታወሩለት ድምፅ ያለው ሌላ ነው መሰለን፣ ይሄ ይነጫነጫል" ብለው መልእክት ላኩብን። ከዚያ ወዲህ ሌላ ኪቦርድ ነክቻለሁ፣ ሌላ ሚስት ግን አላገባሁም። ፍሪጅ ሲያጉረመርም ዞር እላለሁ። ከሆቴሎቹ ጓሮ ጄኔሬተር ሲነሳ መንገዱ ላይ ቆሜ የምቀር ሰው ነኝ። የሰፈር ልጆች በስልክ የማወራ ይመስላቸዋል።

እንግዲህ ምሕረት ሁለቱን ሲንተሳይዘሮች አጋድማቸው ነበር። አንደኛው ሰፊ፣ ስንት መቶ ድምፅ የያዘ፣ ፊቱ ላይ እንደ ስልክ ስክሪን ያለው። ሁለተኛው ያገለገለ፣ ጥቂት ድምፅ ብቻ ያለው፣ ፊቱ ሁሉ የሚዞር ቁልፍ የሆነ። "ፓድ ማለት ከሥር የሚነጠፍ ድምፅ ነው ጋሼ" አለችኝ፤ "እንደ ፒያኖ ተመቶ አይከስምም፣ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ይዘልቃል። ትልቁ ሁሉን ይሰጥዎታል፣ ግን የተዘጋጀ ነው። ትንሹን ራሳችን ነን የምንሠራው፤ ሞቅ ያለ ነው።"

"ሞቅ ያለውን አምጪው" አልኳት።

ሠራች። በሠራች ቁጥር ዓይኔን ጨፍኜ እሰማለሁ። "ጨለም አድርጊው" እላታለሁ፣ አንዱን ቁልፍ ታዞራለች፣ ብሩህ ብሩሁ ይወርድለታል። "ቀስ ብሎ ይግባ።" ቀስ ብሎ ይገባል። ድምፁን ሁለት አድርጋ ቅኝታቸውን በትንሹ አራራቀችው፣ እርስ በርሳቸው ሲተሻሹ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተነሳ፤ መጣ አልኩ፣ መጣ፤ ተመልሶ ሄደ። ከዚያም ትልቁን ሞከርን። የሰው ድምፅ፣ የገመድ ድምፅ፣ የመላእክት ድምፅ የሚል ሁሉ አለበት፤ ውብ ነው፣ ውሸት አልናገርም፣ ውብ ነው፤ ግን ሳይሰለቸው እስከ ነገ የሚቆይ ውበት ነው።

"ምን ይጎድለዋል?" አለችኝ።

"መሀል ላይ ጎደል ማለት አለበት። ኮረንት ሲያንስ እንደሚያደርገው።"

"እንዲንቀጠቀጥ ላድርገው?"

"መንቀጥቀጥ አይደለም! ጎደል ብሎ መመለስ። ልክ..." ቃሉን ፈለግሁት። "ልክ ትንፋሽ እንደሚወስድ።"

"ማሽን አይተነፍስማ ጋሼ!"

"ያኛው ይተነፍስ ነበር። እንዲያውም መብራት ከሄደ በኋላ ሳይቀር ትንሽ ይቆይ ነበር።"

ምሕረት እጇን ከቁልፎቹ አነሳች። "መብራት ሲሄድ ስፒከሩም እኮ አብሮ ይሞታል። በምን በኩል ይወጣል ድምፁ? አይቻልም።" በትሕትና ነው ያለችው፤ እኔ ግን ደሜ ፈላ። ውሸታም ልትለኝ ነው! ሊያሾፉብኝ ነው የጠሩኝ ብዬ ከዘራዬን ስፈልግ፣ ከአዳራሹ ኋላ አንዲት ሴት፣ "አይ ወንድም ቶማስ፣ እስካሁን አላወቅህም እንዴ?" አለች።

እህት ብርቱካን ናት። የዘነበች የአገሯ ልጅ፣ የልብ ጓደኛዋ። ዘነበች ከሞተች ብዙም ሳይቆይ አግብታ ጂንካ ሄዳ፣ ባሏን ቀብራ አምና ነው የተመለሰችው፤ ለሴቶቹ ጸሎት ቀድማ መጥታ ከኋላ ተቀምጣ ስትሰማን ቆይታለች። ቀስ እያለች መጣችና አጠገቤ ቁጭ አለች። ዓይኗን ሳየው ሊነገረኝ ያለው ነገር ደስ የሚል እንዳልሆነ፣ ደግሞም ደስ የሚል እንደሆነ፣ እንዴት ልበላችሁ፣ ገባኝ።

"እሷ ነበረች" አለች። "ዘነበች። የማሽኑ አይደለም ያ ድምፅ።"

ከዘራዬን መፈለጌን ተውኩ።

"በአገራችን ለቅሶ ሲሆን ሜዳ ይወጣል" አለች፣ ለምሕረትም እንዲገባት ወደ እሷ ዞር ብላ። "አንዱ ዜማ ያወጣል፣ ሌላው ከላይ ይቀበላል፣ ሴቶች ከሥር አንድ ድምፅ ይዘን አንለቅም። እሷ ደግሞ የሥሩን ስትይዝ ከወንድ ትበልጣለች፤ አፏን እንኳ ገለጥ አታደርግም። ጌታን ስንቀበል ያ ሁሉ የድሮ ሕይወት ነው፣ ተዉ ተባልን። ተውን። እሷ ግን አልቻለችም። አንተ ያንን ነገር ስትጫን ከሥሩ ባዶ ሆኖ ይሰማኛል አለችኝ። ቤት ያለ ወለል ሆኖ ይሰማኛል አለች። ስፒከሩ ሥር ብቀመጥ ማንም አይለይም አለችና ያዘችልህ።"

"ቤት ውስጥ አንድ ቀን አልዘመረችም!"

"ብትዘምር ታውቃት ነበራ። ሽማግሌዎቹ ቢሰሙ ያስወጧታል፤ አንተ ብትሰማ ደግሞ..." ብርቱካን ሳቅ አለች። "በማሽኑ እንዴት ትኮራ እንደነበረ ታውቃለህ? 'ደስታውን አልቀማውም፣ ተዪው' አለችኝ።"

"ትንፋሹስ?" አልኩ።

"የሥሩ ለአንድ ሰው አይደለም። አንዷ ትንፋሽ ስትወስድ ሌላዋ ትይዛለች፤ ለዚያ ነው ሜዳ ላይ የማይቋረጠው። እሷ ብቻዋን ነበረች። እኔም ፈርቼ አልያዝኩላትም።" በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። "መብራት ሲሄድ ደግሞ ትደነግጣለች፤ በድንገት ብታቆም ሰው ይነቃል፣ ብትቀጥል ይነቃል። ስለዚህ ቀስ አድርጋ ታወርደዋለች። ከዚያ አንተ ኮንደንሰር ነው ስትል ቤት ሄደን ሆዳችን እስኪቆስል ስቀናል።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የኔ ጆሮ እኮ ለሚስቴም ባዳ ነበር። "ታዲያ ለቅሶው ላይ ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት፤ ተቆጥቼ ነበር፣ በማን እንደተቆጣሁ እንጃ። "ለቅሶ ቤት ስለ ኪቦርድ ይወራል?" አለች። "ደግሞ ተዝካር እንኳ የለንም፣ የለቅሶው መሰንበቻ አጭር ነው፤ ወዲያው ጂንካ ወሰዱኝ። 'ድምፁ ጠፋብኝ፣ ድምፁ ጠፋብኝ' እያልክ ስታለቅስ ሰምቼሃለሁ። የእሷ መሆኑን አውቀሃል ብዬ ነበር።"

ያንን ምስኪን ሬዲዮ ጠጋኝ አሰብኩ። እንሽላሊቷንም አሰብኩ። ከዚያ አለቀስኩ፣ በምሕረት ፊት፣ ያለ እፍረት። ስንት ዓመት በሽቦና በብሎን ውስጥ ስፈልጋት! እዚያች አግዳሚ ላይ፣ ከእጄ አንድ ክንድ ርቃ፣ ከሥሬ ይዛኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ለማዳመጥ ነው የተፈጠርሽው እላታለሁ።

ምሕረት ምን ማድረግ እንዳለባት ስላላወቀች የምታውቀውን አደረገች፤ ትንሹ ሲንተሳይዘር ላይ ሁለት ጣቷን አስቀመጠች። እህት ብርቱካን ትንሽ ሰማችው። ከዚያ አፏን ሳትከፍት ከሥሩ ገባች። አረጀ እንጂ አልጠፋም ድምፁ። የዘነበችን አይደርስም፣ ግን መንገዱ ያው ነው፤ ወለሉ ተነሳ፣ ቆርቆሮው ሞቀ። ሳይደነቁር የቀረልኝ ጆሮ ለካ ለዚህ የሚሆነው ነው፤ የታችኛው ድምፅ ሙሉውን ተሰማኝ።

መብራት ሄደ።

በጠራራ ቀን ነው፣ ጨለማ የለም፤ ስክሪኑ ብቻ ጠፋ፣ ማራገቢያው እየዘገየ ቆመ። ምሕረት እጇ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቀረ። የብርቱካን ድምፅ ግን ብቻውን ቀጠለ፣ መብራት በሌለበት፣ ልክ ያኔ እንደነበረው። ማንም ተአምር አላለም። ከዚያ ትንፋሿ ሲያልቅ ሰማሁት። አሮጊት ናት፤ ድምፁ መጉደል ጀመረ፣ ያችው ቅጽበት መጣች፣ የማውቃት፣ በኮረንት ሳመካኝባት የኖርኩት። አፌን ሳልከፍት ያዝኩላት። የሥሩን ሞክሬ የማላውቅ ሰው፣ የተሰነጠቀ ድምፄን ይዤ፣ እሷ አየር እስክትስብ ያዝኩላት። ተመልሳ ስትገባ እኔ ተነፈስኩ። ሳይቋረጥ እንዲህ ቆየን።

መብራቱ ሳይመለስ ሰዓቱ ደረሰና የጸሎቱ ሴቶች መግባት ጀመሩ። ምሕረት ሽቦዎቹን እየጠቀለለች፣ ዓይኗን እያባበሰች፣ "እንግዲህ ጋሼ፣ የትኛውን እንግዛ?" አለችኝ።

"የፈለግሽውን ግዢ" አልኳት። "ብቻ ስፒከሩ አጠገብ አንድ አግዳሚ ወንበር አስቀምጡ። ሁለት ሰው የምትይዝ ትሁን።"